የዶሮ ኩስና የእኛ ዲግሪ

«ዶሮ ጭራ ጭራ ታወጣለች ካራ» ይላል ያገራችን ሰው። ይህ ምሳሌ የሚነገረው የተኛ ነገር ቀስቅሶ በራሱ ላይ መከራ ለሚጠራ ሰው ነው። እኔ ግን ዛሬ ምሳሌውን ከሰው ላይ አንሥቼ ወደ ባለቤቲቱ፥ ወደ ዶሮይቱ፥ ልመልሰው እወዳለሁ። የጎጃም ዶሮ ጎሕ ሲቀድ ከቆጧ ወርዳ ጀምበር እስክትጠልቅ ድረስ በጓሮው፥ በአመድ መድፊያውና በፍግ ክምሩ ላይ ስትጭር ትውላለች። እመቤቲቱ የምትበትንላት እህል ከእፍኝ ስለማያልፍ ካልጫረች አትጠግብም። ጭራ የምታገኘው ግን ጥሬ፥ ጉንዳንና ጥንዚዛ ብቻ አይደለም፤ ለዐይን የማይታይ የወስፋት እንቁላልም አብራ ትለቅማለች። በገዛ እግሯ ጭራ የምታወጣው ካራ እንግዲህ ይኸው ነው።

ስለዚህ ጉዳይ ልጽፍ ነው ብዬ ለአንድ ጓደኛዬ ብነግረው «ያገር ችግር ሁሉ አለቀና በዶሮ ኩስ ላይ ወረድህ?» ብሎ ከት ብሎ ሳቀብኝ። ሳቁን አልተቀየምሁም። በተማሪ መጽሔት ላይ ስለ ሥልጣኔ፥ ስለ ነፃነትና ስለ ዓለም ፖለቲካ መጻፍ የቆየ ልማድ ነው፤ መልካም ልማድም ነው። ዳሩ ግን ትልቁን ነገር የምንጽፍበት ወረቀት በማን ገንዘብ እንደ ተገዛ ማሰብ ደግሞ ተገቢ ይመስለኛል።

አንባቢ ሆይ፥ አንደኛ ክፍል የገባህበትን ዘመን እስቲ አስታውስ። ደብተርና እርሳስ የተገዛልህ በሬ ተሽጦ ነበርን? በሬ ለደብተር አይሸጥም። በቆሎውም ለማዳበሪያ ዕዳና ለዓመት ቀለብ የተቆጠረ ነው። እናትህ ግን ከዶሮዋ ሥር እንቁላል ሰብስባ፥ በቅርጫት ገለባ ጎዝጉዛ ወደ ገበያ ትወስድ ነበር። በዚያ ብር ጨው፥ ጋዝና ሳሙና ይገዛል፤ ከዚያ የተረፈው ደብተር ይሆናል። በገጠሩ ቤት በሬው በባል እጅ፥ ዶሮዋ በሚስት እጅ ናት ቢባል ሐሰት አይሆንም። ስለዚህ የዶሮ በሽታ ስንል የእናቶቻችን የኪስ በሽታ ማለታችን ነው። በዚህ በቡሬ ካምፓስ ግቢ ከምንመላለሰው ተማሮች ውስጥ የእንቁላል ብር ያስተማረን ስንቶቻችን እንደ ሆንን ብንቆጠር ብዙዎቻችን እጃችንን ሳናነሣ የምንቀር አይመስለኝም።

ባለፈው ዓመት ክረምቱ ሊወጣ ሲል ከከተማው ወጣ ብሎ ባለ አንድ ቀበሌ ከጓደኞቼ ጋር ለመስክ ትምህርት ሄጄ ነበር። ዝናም ቢይዘን አንዲት እናት ቤት ተጠለልን። እኒያ እናት ከየት እንደ መጣን ከጠየቁ በኋላ ከምድጃው አጠገብ ኩርምት ብላ የተቀመጠች አንዲት ቄብ ዶሮ አንሥተው በእጄ አስያዙኝ።

«ልጄ፥ የተማርህ ነህና እስቲ እያት። ትበላለች፤ አትሰባም። እኅቶቿ እንቁላል ጀምረዋል፤ እሷ እንዲሁ እንደ ጎበጠች ቀረች» አሉኝ።

ዳበስኋት። የደረቷ አጥንት እንደ ቢላ ስል ሆኗል። ኩክኒዋ ገርጥቷል፤ ክንፏም ወርዷል።

«ምን አደረጉላት እማማ?» አልኋቸው።

«ምን ያላደረግሁላት አለ? ፌጦ ሰጠኋት፥ ሎሚ ጨመቅሁላት፥ አረቄም በጉሮሮዋ አፈሰስሁላት። ኋላም ከሱቅ ያን ባለ ሁለት ቀለሙን የሰው ክኒን አስመጥቼ በውሃ በጥብጬ አጠጣኋት።»

«ኩሷንስ አይተውታል?»

እማማ ሣቁ። «ኩስ ይጠረጋል እንጂ ምኑ ይታያል ልጄ!»

እዚህ ላይ የራሴን ነውር ልናገር። የትልቁን የዶሮ ወስፋት የላቲን ስም ከነአባት ስሙ ሸምድጄ ለፈተና ጽፌያለሁ፤ የእንቁላሉን ቅርጽ በሰሌዳ ላይ ሥዬ ለክፍል ጓደኞቼ አስረድቻለሁ። በዚያች ጎጆ ውስጥ ግን ይህች ዶሮ ወስፋት አለባት ወይስ የለባትም ለሚለው ጥያቄ መልስ አልነበረኝም። መልሱ ከእግሬ ሥር ወለሉ ላይ ወድቆ ነበር፤ እኔ ግን የማይበት መሣሪያ አልያዝሁም፤ ይዤ ልምጣ ብዬም ከዚያ ቀን በፊት አስቤ አላውቅም። ከሁለት ሳምንት በኋላ በዚያው ሳልፍ ዶሮይቱ መሞቷን ነገሩኝ። በምን እንደ ሞተች እርሳቸውም አላወቁ፥ እኔም አላወቅሁ። ልዩነታችን እርሳቸው ለማወቅ አለመማራቸው፥ እኔ ግን መማሬ ነው።

አሁን ነገሩን ከአንዲት ጎጆ አውጥተን በቁጥር እንመልከተው። ከጥቅምት እስከ ነሐሴ 1991 ዓ.ም. ድረስ በአማራ ክልል በአራት የገጠር ወረዳዎች ጭረው የሚያድሩ 267 ዶሮዎች አንጀታቸው ተከፍቶ ተመርምሮ ነበር። ከነዚህ ውስጥ በ243ቱ፥ ማለት ከመቶ 91 በሚሆኑት፥ የሆድ ትል ተገኘ። ንጹሕ ሆነው የተገኙት 24 ብቻ ናቸው። በአንዲት ዶሮ ሆድ ከአንድ ዓይነት ጀምሮ እስከ ዘጠኝ ዓይነት ትል ተቆጥሯል። አስካሪዲያ ጋሊ የተባለው ትልቁ ድቡልቡል ወስፋት ከመቶ በ35ቱ ላይ ሲገኝ፥ ራይሊቲና ቴትራጎና የተባለው የዶሮ ኮሶ ግን ከመቶ በ45ቱ ላይ ታየ። አሞቦቴንያ የተባለችው ከግማሽ ሳንቲሜትር የማትበልጥ ጥቃቅን ኮሶ ደግሞ ከመቶ በ40ው ላይ ተገኘች። እንግዲህ ጥያቄው «የኔ ዶሮ ትል ይኖርባት ይሆን?» የሚል አይደለም። ጥያቄው «የትኛው ትል ነው? ብዛቱስ ምን ያህል ነው?» የሚል ነው። ይህንንም ምርመራ እንጂ ግምት አይመልሰውም።

የነዚህ ትሎች ኑሮ እንደየዘራቸው ይለያያል። ትልቁ ወስፋት በዶሮይቱ ቀጭን አንጀት ይኖራል፤ እንስቷ አንዳንድ ጊዜ ከአሥር ሳንቲሜትር በላይ ትረዝማለች። የምትጥለው እንቁላል ከኩስ ጋር ወጥቶ መሬት ላይ ይወድቃል። በወደቀበት ቀን አይጎዳም፤ እንደ ሙቀቱና እንደ እርጥበቱ ሁለት ወይም ሦስት ሳምንት ከቆየ በኋላ ግን ውስጡ ዕጭ ይፈጠርበታል፤ ያን ጊዜ የምትለቅመው ዶሮ ትያዛለች። ዕጩ በአንጀት ግድግዳ ውስጥ ገብቶ ካደገ በኋላ ወጥቶ ትል ይሆናል፤ እንቁላል መጣል እስኪጀምር ድረስ ከአምስት እስከ ስምንት ሳምንት ይወስድበታል። ክፉኛ የሚጎዱት ከሦስት ወር በታች ያሉ ጫጩቶች ናቸው። የጎለመሰች ዶሮ አብዛኛውን ጊዜ ጥቂቱን ችላ ትኖራለች፤ ግን እንቁላሉን በጓሮው እየዘራች ለጫጩቶቿ ታወርሳለች። ትሉ ሲበዛ አንጀት እስከ መዝጋት ይደርሳል።

ኮሶው ግን በቀጥታ ከዶሮ ወደ ዶሮ አይሄድም፤ አሸጋጋሪ ይፈልጋል። ራይሊቲና በጉንዳን፥ ሌሎቹም እንደየዓይነታቸው በጥንዚዛ፥ በዝንብ ወይም በመሬት ትል ሆድ ውስጥ አድረው ይጠብቃሉ። ዶሮይቱ ጉንዳኗን ስትውጥ ኮሶውንም ትውጣለች። ሦስተኛው ሄተራኪስ የሚባለው አንድ ሳንቲሜትር ተኩል የማይሞላ ትል በዕውር አንጀት ይኖራል። እርሱ ራሱ ብዙ አይጎዳም፤ ነገር ግን በእንቁላሉ ውስጥ ሌላ የጉበት በሽታ አምጪ ተሕዋስ ተሸክሞ ይዞራል። ይህን ሁሉ ያነሣሁት መጽሐፍ ለመድገም አይደለም። ሰኔ ከገባ እስከ መስከረም ድረስ የቡሬና የፍኖተ ሰላም ጓሮ እርጥብ ነው፤ የመሬቱ ትል ይወጣል፤ የወስፋቱ እንቁላል በጥላና በጭቃ ውስጥ ለወራት ሳይሞት ይሰነብታል። ያገራችን አየር ለበቆሎና ለበርበሬ እንደ ተስማማ ለወስፋትም ተስማምቷል ለማለት ነው።

የሚያስገርመኝ ያገራችን ሰው ስለ ትል አለማወቁ አይደለም። አባቶቻችንና እናቶቻችን በራሳቸው ሆድ ላይ ያደረጉትን አስቡ። ጥሬ ሥጋ በሊታ ሕዝብ ስለ ነበርን ኮሶ ተጣብቶን ኖሯል። ሰውም የትሉን ቁራጭ በሰገራው ላይ አይቶ፥ ጊዜው እንደ ደረሰ ዐውቆ፥ የኮሶ ዛፍ አበባ አስፈጭቶ በየሁለት ወሩ ያህል ይጠጣ ነበር። መድኃኒቱ መራራ፥ ቀኑም የጭንቅ ቀን ነበር። ይሁን እንጂ አሠራሩን ልብ ብላችሁ ተመልከቱት፤ መጀመሪያ ማየት፥ ቀጥሎ መድኃኒት፥ ከዚያም ወጣ አልወጣ ብሎ እንደገና ማየት። ይህ የላቦራቶሪ ሥርዓት ነው። ማይክሮስኮፕ ያልነበረው አባት ለራሱ ሆድ ያደረገውን፥ ማይክሮስኮፕ የተማረው ልጅ ለእናቱ ዶሮ ማድረግ እንዴት አቃተው?

ምርመራው ከባድ ነው የሚል ካለ እነሆ አሠራሩ። በማለዳ ከቆጡ ሥር ትኩስ ኩስ ከአምስት ስድስት ቦታ ይለቀማል። ዶሮ ሁለት ዓይነት ኩስ እንዳላት ማወቅ ይገባል፤ አንደኛው ነጭ ቆብ ያለበት የተለመደው ነው፤ ሁለተኛው ቡናማና ልጥፍ ያለ፥ ከዕውር አንጀት የሚወጣው ነው። ሁለቱም መወሰድ አለባቸው። በአንድ ሊትር ውሃ 400 ግራም የወጥ ጨው አፍልቶ ማሟሟት፤ ውሃው ጨው አልቀበልም ብሎ ከሥሩ ጥቂት ሲቀር በቅቷል ማለት ነው። ሦስት ግራም ኩስ በጨው ውሃው በጥብጦ በሻይ ማጥለያ ማጥለል። ያን በትንሽ ብልቃጥ እስከ አፉ ሞልቶ፥ በላዩ ስስ መስተዋት አኑሮ፥ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ መታገሥ። ጨው ያለበት ውሃ ከባድ ስለ ሆነ የትሉ እንቁላል ይንሳፈፍና ከመስተዋቱ ላይ ይለጠፋል። መስተዋቱን አንሥቶ በማይክሮስኮፕ ሥር ማየት ነው። አንድ ሚሊሜትር ላይ አሥራ ሦስት ያህል በቁመታቸው የሚሰለፉት እንቁላሎች እንደ ሞላላ ባቄላ ሆነው ይታያሉ። ብዛቱን መቁጠር የፈለገ ማክማስተር በሚባለው ባለ መስመር መስተዋት ይጠቀማል፤ ሦስት ግራም ኩስ በ42 ሚሊሊትር የጨው ውሃ በጥብጦ በሁለቱ ክፍሎች ያየውን በ50 ቢያበዛ በአንድ ግራም ኩስ ያለውን የእንቁላል ቁጥር ያገኛል።

ምርመራው ድካም እንዳለበትም መሸሸግ አይገባም። ለጋ ትል ገና እንቁላል ስለማይጥል ዛሬ ምንም አልታየም ማለት ሆዷ ንጹሕ ነው ማለት አይደለም። የኮሶ እንቁላል ደግሞ እንደ ወስፋቱ በቀላሉ አይንሳፈፍም፤ ኮሶ እንደ ሩዝ ፍሬ ነጭ የሆነ ቁራጩን ከኩስ ጋር ስለሚጥል ትኩሱን ኩስ በዐይን መመልከት ይጠይቃል። ከዚህም የሚበልጥ አንድ ምርመራ አለን፤ እርሱም ምንም አያስወጣንም። በእንቁጣጣሽ፥ በገናና በፋሲካ ዋዜማ በዚህ አገር ዶሮ የማይታረድበት ቤት ጥቂት ነው። ባልትና የምታውቅ ሴት አሥራ ሁለቱን ብልት ስታወጣ አንጀቱን ለውሻ ትጥለዋለች። ከመጣሉ በፊት ያን አንጀት በመቀስ ከላይ እስከ ታች ሰንጥቆ በአንድ ሳሕን ውሃ ውስጥ ዘርግቶ ማየት አምስት ደቂቃ አይፈጅም። ትልቁ ወስፋት እንደ ነጭ ክር፥ ኮሶውም እንደ ጠፍጣፋ ሪባን ሆኖ ይታያል። ይህ የዶሮ ወስፋት ወደ ሰው የሚተላለፍ አይደለምና ወጡን የሚፈራ አይኑር፤ እጅን በሳሙና መታጠብ ግን ግድ ነው። በየዓመቱ በበዓል ዋዜማ በየቤቱ የሚካሄድ እንዲህ ያለ ታላቅ ምርመራ እያለን ውጤቱን ለውሻ እንሰጠዋለን።

አሁን ወደሚቀርቡብኝ ተቃውሞዎች ልሂድ።

አንደኛው «ዶሮን የሚፈጃት ፈንግል እንጂ ወስፋት አይደለም፤ ስለዚህ ድካሙ በፈንግል ላይ ይሁን» የሚል ነው። ፈንግል ፈጂ መሆኑን የሚክድ የለም፤ በአንድ ሳምንት ውስጥ ቆጡን ባዶ ያደርጋል። ወስፋት ግን እንደ ወንበዴ አይደለም፤ እንደ ቤት ሌባ ነው። በየቀኑ ከእፍኙ ጥሬ ላይ ድርሻውን ይወስዳል። ያገር ዶሮ በዓመት 60 ያህል እንቁላል ብቻ እንደምትጥል በ2002 ዓ.ም. ስለ ቡሬ ወረዳ የታተመ ጥናት አሳይቷል፤ ከዚያ ላይ ጥቂት መጉደል ለድኻ ቤት ትልቅ ነገር ነው። በዚያም ላይ ሁለቱ ጠላቶች የተለያዩ አይደሉም። በ2014 እ.ኤ.አ. የታተመ የዴንማርክ ተመራማሪዎች ሥራ እንዳስረዳው፥ አስካሪዲያ ያለባቸው ዶሮዎች የፈንግል ክትባት ሲሰጣቸው ሰውነታቸው ለክትባቱ የሚሰጠው ምላሽ ይዛባል። በቢሾፍቱ ተመርቶ ስንት መንገድ ተጉዞ የመጣውን ክትባት ትል በሞላበት ሆድ ላይ ስናንጠባጥብ ገንዘባችንን እንዳናባክን የሚነግረን ያው የተናቀ ኩስ ነው።

ሁለተኛው «ከመቶ 91 ዶሮ ትል ካለበት ምርመራ ምን ያደርጋል? ለሁሉም መድኃኒት መስጠት ነው» የሚል ነው። ይህ አነጋገር ብልኅ ይመስላል፤ ግን የትኛውን መድኃኒት? ፓይፐራዚን የተባለው ርካሹ መድኃኒት ትልቁን ወስፋት ያስወጣል፤ ኮሶን ግን አይነካም። በክልላችን ከሁሉ በዝቶ የተገኘው ደግሞ ኮሶ ነው። እናቲቱ ገንዘቧን ከፍላ መድኃኒት ሰጥታ ዶሮዋ እንደ ከሳች ብትቀር «የተማሮቹ መድኃኒት ከንቱ ነው» ብትል እንፈርድባታለን? መድኃኒትን ያለ ልክና ያለ ምክንያት መደጋገም ደግሞ መድኃኒቱን የለመደ ትል ያፈራል፤ በበጎች ላይ በብዙ አገር የደረሰው ይኸው ነው። መድኃኒት የወሰደች ዶሮ እንቁላልም እንደ መድኃኒቱ ዓይነት ለተወሰነ ቀን መበላት የለበትም፤ ይህን ሳይነግሩ መድኃኒት ማደል በሰው ጤና መጫወት ነው። መርምሮ መስጠት፥ ከሁለት ሳምንት በኋላም መልሶ መርምሮ መድኃኒቱ መሥራቱን ማረጋገጥ፥ ደኅናው መንገድ ይህ ነው።

ሦስተኛው «የአንዲት ዶሮ ዋጋ ምርመራን አያወጣም» የሚል ነው። እውነት ነው፤ ለአንዲት ዶሮ ከሆነ አያወጣም። ነገር ግን የሚመረመረው የአንዲት ዶሮ ሆድ ሳይሆን የአንድ ጓሮ መሬት ነው። ከአንድ ቆጥ ሥር የተለቀመ ኩስ ስለ ቤቱ ዶሮዎች ሁሉ ይናገራል። ከአንድ ጎጥ አሥር ቤት ቢመረመር ስለ ጎጡ ይናገራል። ወጪውም ጨው፥ መስተዋትና የተማሪ ጊዜ ነው። የተማሪ ጊዜ ምን ያህል ውድ እንደ ሆነ በየሻይ ቤቱ ደጃፍ ተሰልፈን የምንቀመጠው እናውቀዋለን።

አራተኛው «ይህ የመንግሥት ሥራ ነው» የሚል ነው። የወረዳ የእንስሳት ሐኪም በሬና ላም፥ በግና አህያ ተሰልፈው ሲጠብቁት ለዶሮ ኩስ ጊዜ ባያገኝ አልፈርድበትም። የክልሉ የእንስሳት ጤና ላቦራቶሪ የሚገኘው በባሕር ዳር ነው፤ ከቡሬ እስከዚያ 148 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ከአንዲት ዶሮ ዋጋ የሚበልጥ የአውቶቡስ ገንዘብ ከፍላ ኩስ በላስቲክ ቋጥራ ባሕር ዳር የምትሄድ እናት አትገኝም፤ ብትገኝም ኩሱ በመንገድ ሙቀት ይበላሻል። ከ2015 ዓ.ም. ነሐሴ ወዲህ ባየነው ግጭት ደግሞ የመንገድ መዘጋት ምን ማለት እንደ ሆነ ሁላችንም ተምረናል። ኩስ ሩቅ አገር የማይሄድ ዕቃ ነው፤ ስለዚህ መርማሪው ወደ ኩሱ መምጣት አለበት።

መርማሪው ማን ነው? እኔ የማውቀው አንድ መልስ ብቻ ነው፤ እኛው ነን። በ1957 ዓ.ም. የያኔው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተማሮቹን ለአንድ ዓመት ወደ ጠቅላይ ግዛት እየላከ ሕዝብ እንዲያገለግሉ የሚያዝ ሥርዓት ጀምሮ ነበር። ያ ትውልድ በብዙ ነገር ይወቀሳል፤ ነገር ግን ትምህርት ዕዳ እንዳለበት ዐውቆ ነበር። ዛሬ ለአገልግሎት ሩቅ መላክ አያስፈልገንም፤ ከግቢያችን አጥር ውጭ ዶሮ ይጭራል። ወቀሳዬ በአንድ ትምህርት ቤት ወይም በአንድ መምህር ላይ አይደለም፤ ቃሉን ለፈተና ተምረን ሥራውን ለሌላ በምንተው በሁላችን ላይ ነው።

ጊዜውም የሚያቻኩል ነው። ነጫጭና ቀያይ የፈረንጅ ዶሮዎች በ1940ዎቹ በጅማና በዓለማያ በኩል ወደዚህ አገር ከገቡ ጀምሮ መንግሥታት ሁሉ ዶሮ አድለዋል። በ2015 ዓ.ም. የሌማት ትሩፋት የተባለው መርሐ ግብር ከታወጀ ወዲህ ደግሞ ዶሮ ማከፋፈሉ ይበልጥ በርትቷል። መልካም ሥራ ነው። ግን ሁለት ወር ያህል በንጹሕ ቤት በተመጠነ መኖ ያደገች ቄብ አንድ ቀን በድንገት በኛ ጓሮ ስትለቀቅ መሬቱ ምን እንዳዘለ የሚነግራት የለም። የምትከፋፈለው ዶሮ ይቆጠራል፤ በዓመቱ የምትተርፈው ስትቆጠር ግን እምብዛም አንሰማም። ዶሮ መስጠት ብቻውን ለጓሮው ወስፋት ማብላት እንዳይሆን እሰጋለሁ።

ስለዚህ ለተማሮች ማኅበራችን የማቀርበው አሳብ አጭር ነው። በገበያ ቀን አንድ ጠረጴዛ፥ አንድ ማይክሮስኮፕ፥ አንድ ኪሎ ጨውና ሁለት ተማሪ በገበያው አጠገብ ይቀመጡ። እንቁላል ልትሸጥ የመጣች እናት በቅጠል ጠቅልላ ኩስ ታምጣ፤ ሸጣ እስክትመለስ ድረስ ውጤቱ ይድረስላት። መድኃኒት አንሸጥም፤ የትሉን ስም ጽፈን ወደ ወረዳው የእንስሳት ጤና ሠራተኛ እንልካታለን። አብረንም የማያስከፍለውን ምክር እንነግራታለን፦ ከቆጡ ሥር ያለውን ኩስ በየጊዜው ጠርጎ ርቆ ከፍግ ጋር መከመር፤ ጥሬውን በመሬት ከመበተን በሰፌድ ወይም በገበታ ማድረግ፤ ጫጩቶችን ከትላልቆቹ ለይቶ ፀሐይ በሚነካው ደረቅ ቦታ ማዋል። በየበዓሉ ዋዜማ ደግሞ እያንዳንዳችን በየቤታችን የታረደውን ዶሮ አንጀት ሰንጥቀን እንይ። ያየነውን ሁሉ ከነወሩ፥ ከነቀበሌው፥ ደጋ ይሁን ቆላ፥ በአንድ መዝገብ እንጻፍ። በዓመቱ መጨረሻ መዝገቡ የራሳችን ቁጥር ይሆናል፤ የሚመጣውም ተማሪ ከእኛ ይቀበለዋል።

ጓደኛዬ ይህን አንብቦ እንደገና ይስቅ ይሆናል። ይሳቅ። እኔ ግን የምረቃ ቀን ካባ ለብሼ ፎቶግራፍ ስነሣ እኒያ ቄብ ዶሮ በእጄ ያስያዙኝን እናት የማስታውስ ይመስለኛል። «የተማርህ ነህና እስቲ እያት» ብለውኝ ነበር። ከምረቃው በፊት የጠየቁኝን ባየሁላቸው እወዳለሁ። በመጪው የገበያ ቀን ጠረጴዛውን ተሸክሜ እወጣለሁ፤ ማይክሮስኮፑን የሚይዝልኝ ማን ነው?